ማህተም የተመታለት አፍንጫ

«እንዳታውቅ ብቻ! ካወቀች እግሯን ከቤት አታነሳም። አደንዝዢያትና ሳታየው ሳብ አድርገሽ አውጪው፣ በቃ!»

ትሕትና ይቺን የሰማችው ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አልጋዋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያ ስታይ ነው። በጀርባዋ የተኛችው ወዳ አይደለም። በጎን መተኛት ከቀረባት አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ ትራስ አፍንጫዋን ለትንሽ ከነካው ጩኸቷ ሶዶ መነኸሪያ ድረስ ይሰማል። የእሷን ክፍልና ሳሎኑን የሚለየው ግድግዳ ቺፑድ ስለሆነ ሹክሹክታ እንኳ አያስቀርም። እናቷ ወይዘሮ ፈጠነች ደግሞ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም፤ ስልክ ስታወራ ድምጿን በኔትወርክ ሳይሆን በጉሮሮዋ ጎረቤት ከተማ ጉኑኖ ድረስ የምታደርሰው ነው የሚመስላት። ጉኑኖ ሆና ስልኩን የያዘችው አክስቷ አሰፋሽ ነች፣ የእናቷ ታናሽ፤ እዚያ አንዲት ትንሽ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነች። «አሥር ሰዓት ላይ የኳየር ኮሚቴዎቹ ቤት ድረስ ይመጣሉ እኮ፣ አሱዬ! ነገ የኳየሩ ሃያኛ ዓመት ነው፣ በፌስቡክ በቀጥታ ይተላለፋል፣ ሶሎውን የምትዘምረው እሷ ነች። ያንን ነገር አፍንጫዋ ላይ ካዩት ለሌላ ልጅ ነው የሚሰጡት። እኔስ ፊቴን የት አደርገዋለሁ? … አዎ፣ ቁስሉን ልትታዪ ነው ብያታለሁ። ኧረ አልሰማችም፣ ተኝታለች።»

ተኝታለች ነው ያለችው! ትሕትና አፏን በሁለት እጇ ግጥም አድርጋ ያዘች። ወይኔ ጉዴ! የገዛ እናቷ! የገዛ አክስቷ! ተማክረው፣ ቀጠሮ ይዘው፣ ማደንዘዣ አዘጋጅተው ሊሰርቋት! ስልኳን ከትራሷ ስር አወጣችና በካሜራው ራሷን አየች። ግራው አፍንጫዋ ቀልቶ፣ አብጦ፣ የበሰለ ቲማቲም መስሎ ያብረቀርቃል። ዙሪያውን ቢጫ ነገር ደርቆበታል። ግን እዚያ ሁሉ ጉድ መሀል የምስር ክክ የምታክል ነጭ ድንጋይ ቁጭ ብላ ብልጭ ትላለች። ኧረ ስታምር! እንዲህ በመግል ተከባም እንኳ ታምራለች! ትሕትና ፎቶ አነሳቻት፣ ሰፋ አድርጋ አየቻት፣ ደግማ አነሳቻት። «አይዞሽ፣» አለቻት በሹክሹክታ። «ማንም አይነካሽም።»

ለምን አደረግሽው ብሎ ያልጠየቃት ሰው የለም። እናቷ ወንድ ልጅ ነው ያሳሳታት ትላለች፣ የሒሳብ አስተማሪዋ ቲክቶክ ነው ይላል፣ ጎረቤታቸው እትዬ ሽታዬ ደግሞ ይሄ መንፈስ ነው ብላ ጨርሳዋለች። ማንም የማያምናት መልስ አንድ ነው፦ ስላማራት! በቃ አማራት! ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓደኛዋ ከሜላት ጋር አንድ ፀጉር ቤት ገቡ፤ ሜላት ፀጉሯን ልትሠራ ነበር የገባችው። ትሕትና መስታወቱ ፊት ቁጭ ብላ ስትጠብቅ «ጆሮና አፍንጫ እንበሳለን፣ ከነጌጡ 400 ብር» የሚል ወረቀት አየች፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ስሟን አባቷ ነው ያወጣላት፣ ዩኒፎርሟን ትምህርት ቤቱ፣ ፀጉሯ ወደ ኋላ ይያዝ ያለው ኳየሩ፣ ድምጿን እንኳ ኮሚቴው በሦስት ወር እቅድ ነው የሚይዘው። አፍንጫዋን ግን የመረጠችው ራሷ ነች፣ ያውም በአሥር ደቂቃ!

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ሜላት ሁሉን አዋቂ ነኝ ባይ ነችና «እንዳይጣበቅብሽ በቀን ሦስቴ አዙሪያት» አለቻት። ትሕትናም ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ስታዞራት ከረመች። በአምስተኛው ቀን የአጎቷ ልጅ ሽምግልና ላይ ቁርጥ ቀረበ፣ ዳጣውም ቀረበ፣ ያ አረንጓዴው፣ እንባ የሚያስመጣው፣ በሚጥሚጣ ቃሪያና በነጭ ሽንኩርት የተደቆሰው። እሷ በላች፣ ጣቷን በሶፍት ጠረግ አደረገች፣ ከዚያ «ውይ፣ የማዞሪያ ሰዓቴ!» ብላ አዞረቻት። እናንተዬ! ሽማግሌዎቹ ስለ ጥሎሽ እያወሩ ሳለ ልጅቷ ከመሀል ተነስታ እየጮኸች ወደ ቧንቧ ሮጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍንጫዋ ላይ ያልተቀባ ነገር ቢኖር የቆርቆሮ ቀለም ብቻ ነው። እናቷ የዓይን ቅባት ቀባቻት፣ እትዬ ሽታዬ ነጭ ሽንኩርት በቅቤ ለውጣ ይዛ መጣች፣ ሜላት አልኮል አፈሰሰችባት፣ እሷ ራሷ አንድ ሌሊት የጥርስ ሳሙና ሞከረች። እናቷ ደግሞ ለሰው ሁሉ ጉንፋን ነው እያለች ማስክ አልብሳት ነበር። ሐሙስ ልምምድ ላይ ግን አስነጠሳትና ማስኩ ወረደ፣ የኳየሩን ልብስ የምትይዘው እህት አገርነሽ ደግሞ ፊት ለፊቷ ቆማ ነበር። አለቀ።

አሁን ምን ይሻላል? አልሄድም ልትል ትችላለች። ግን ያማል! እውነቱን ለመናገር ያማል፤ ስታኝክ ያማል፣ ስትዘምር ከፍ ያለው ድምፅ ላይ ስትደርስ ጥርሷ ድረስ ይነዝራታል። ሶሎውን ደግሞ እንዴት እንደምትወደው! ዓመት ሙሉ ነው የለመነችው፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ኳየሩ በሙሉ ዝም ይልና የእሷ ድምፅ ብቻውን ይወጣል። ስለዚህ ትሄዳለች። ቁስሉን ታሳያለች። ግን ነቅታ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ታያቸዋለች። እስቲ ይሞክሯት!

ቁርስ የተቀቀለ ጎደሬ ነበር። ዳጣውን እናቷ ሆን ብላ አላቀረበችም። እናቷ ጎደሬውን ልጣ ልጣ ለእሷ ታስቀምጥላታለች፣ ግን ቀና ብላ አታያትም፤ ካየቻትም ዓይኗ ግንባሯ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከዚያ በታች አይወርድም። አባቷ ኤርሳዶ ቦምቤ በምትባል ከተማ ነው የሚያስተምረው፣ ወር ሲደርስ ነው የሚመጣው፤ ጌጡን ገና አላየውም። በስልክ ተነግሮት «ልጅቷ ደህና ነች?» ብሎ ብቻ ነው የጠየቀው። ልጅቷ! ስም እንደሌላት! «ጉኑኖ ደርሰን እንመለሳለን፣» አለች እናቷ ሰሀኑን እያነሳች። «አክስትሽ ቁስሉን ትጠርግልሻለች።» «ትጠርግልኛለች ብቻ?» አለች ትሕትና። «ሌላ ምን ታደርጋለች?» እናቷ ወደ ቧንቧው ዞረች። ቧንቧው ውሃ አልነበረውም፤ ቢሆንም ከፍታው ቆመች።

ከመነኸሪያው የጉኑኖ ሚኒባስ ሰባ ብር ነው፤ ረዳቱ «መቶ፣ ገበያ ነው ዛሬ» አለ፣ እናቷ ታሪፉን ከነቀኑ ጠቅሳ ሰባ ላይ አስቆመችው። ወይዘሮ ፈጠነች መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው፣ አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ለገባ ደብዳቤ ቁጥር ትሰጣለች፣ ለወጣ ደብዳቤ ቁጥር ትሰጣለች፤ ቀን የሌለው ወረቀት ካየች እንደ ቆሸሸ ልጅ ነው የሚያሳዝናት። መኪናው ሦስት ሦስት ሰው በሚባለው ወንበር ላይ አራት አራት ጭኖ ወጣ። ከዳሞት ተራራ ላይ ጉም እየተነሳ ነበር፣ እንሰቱ ታጥቦ ይብለጨለጫል፣ ሞተር ሳይክሎች እንደ ንብ ዙሪያቸውን ይሽከረከራሉ። ትሕትና በማስኩ ውስጥ የራሷን ትንፋሽ እያሸተተች የእናቷን ፊት በጎን አየችው። የእናቷ ጆሮ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለ፣ መርፌ የሄደችበት የሚመስል። ልጅ ሆና ጠይቃት ነበር፤ «ኳየር ስገባ ጉትቻዬን አወጣሁት፣ ተዘጋ» ብላ ሌላ ወሬ ጀመረችላት። ከዚያ ወዲህ አልተወራም።

አንድ ጉድጓድ ላይ መኪናው ሲዘል ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ የታቀፈው የዶሮ ቅርጫት ተገልብጦ ትሕትና አፍንጫ ላይ አረፈ። ኧረ የት ትድረስ! ከዋክብት አየች ማለት ይቀላል። እናቷ ግን ቅርጫቱን በአንድ እጇ ገፍትራ «አንተ ሰውዬ፣ ዓይን የለህም? የልጄን ፊት!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ በወላይትኛ ቀጠለች፣ መኪናው በሙሉ ዝም እስኪል ድረስ። ስትናደድ አማርኛ አይበቃትም። ሰውዬው ዶሮዋን እያቀፈ «ይቅርታ እህቴ፣ ዶሮዋ ነች» አለ። እናቷ መሀረብ አወጣችና ለትሕትና ሰጠቻት። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፍንጫዋን በቀጥታ አየችው፤ ማስኩ ላይ ደም ነጠብ ብሏል። «ለምንድነው ግን፣ ትሕትና?» አለች ቀስ ብላ። «ስላማረኝ ነው፣ እማ።» «ስላማረሽ ብቻ?» «ስላማረኝ ብቻ።» እናቷ መስኮቱን አየች።

ክሊኒኩ ሦስት ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ውስጥ የእንጨት አግዳሚና የካርድ መስኮት፣ ሁለተኛው ውስጥ መድኃኒት፣ ሦስተኛው ሐኪሙ ጋ ነው። ካርድ መቶ ሃምሳ ብር። አክስቷ አሰፋሽ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ እየሳቀች ወጣች፣ ሳቋ ትንሽ በዛ፣ ግራ ኪሷ ደግሞ አበጥ ብሏል። «የኔ ቆንጆ! ነይ እስቲ ነይ! ትንሽ መርፌ ነው፣ ምንም አይሰማሽም፣ ተኛ ትያለሽ በቃ።» ትሕትና ማስኩን አወረደች። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች በአንድ ድምፅ «ኡፍ!» አሉ።

«አክስቴ፣ ማደንዘዣ አልፈልግም፣» አለች። ድምጿ መንቀጥቀጡ አናደዳትና ጮክ አደረገችው። «ጠዋት በስልክ ያወራችሁትን ሰምቻለሁ። ግድግዳው ቺፑድ ነው! ሳታየው ሳብ አድርጊው አላለችሽም?» የአሰፋሽ ሳቅ ከፊቷ ሳይወርድ እዚያው ቀረ። እናቷ ቦርሳዋን ከፍታ ምንም ሳታወጣ ዘጋችው። ካርድ ጸሐፊዋ እንኳ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ምንድነው የሚሳበው?» የሚል ድምፅ ከሦስተኛው ክፍል መጣ፣ ከዚያም ባለድምፁ ራሱ። ጤና መኮንን ናቸው፣ አቶ ቦልቴ ይባላሉ፤ አገሩ በሙሉ ግን ዶክተር ነው የሚላቸው፣ እሳቸውም ማረም ሰልችቷቸው ትተውታል። ስድሳ ሊሞላቸው ነው፤ መነጽራቸው በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ትሕትናን አገጯን ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሯት። «ግቢ። እናንተም ግቡ። ማደንዘዣ የሚባል ነገር የማዘው እኔ ነኝ፣ አሰፋሽ፣ ኪስሽ ውስጥ ያለውን ወደ ቦታው መልሺው።» አሰፋሽ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ አንገቷን ደፍታ መለሰችው።

«በምን ተበሳሽ?» «ፀጉር ቤት፣ በሽጉጥ።» «በሽጉጥ! የጆሮውን መብሻ አፍንጫ ላይ ተኮሱት። ጎበዞች። ምን ምን ቀባሽበት?» ትሕትና በጣቷ ቆጠረች፦ የዓይን ቅባት፣ አልኮል፣ ሽንኩርት በቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና … «እና ትንሽ ዳጣ።» አቶ ቦልቴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ዳጣ?» «በስህተት ነው! ቀብቼው አይደለም!» «ቁርጡስ? ቁርጡን የት አደረግሽው?» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ አሰፋሽም ሳታስበው ፈነዳች። እናቷ ብቻ አልሳቀችም። ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች ታነባለች።

ከዚያ ሳቁ ቆመና ሥራ ተጀመረ። አቶ ቦልቴ ባትሪ አብርተው ውስጡን አዩ፤ የጌጡ ኋላ፣ ያ መቆለፊያው፣ ለጆሮ የተሠራ ስለሆነ ጠብቆ ሥጋው ውስጥ ሊሰምጥ ደርሷል። «ይሄ ነው የሚያሰቃይሽ። ላላ ማድረግ አለብኝ። ያማል። ማደንዘዣ ልስጥሽ?» «ጌጧን አያወጧትም?» «እኔ አንቺን ሳልጠይቅ ምንም አላወጣም።» «እንግዲያው ሳያደነዝዙኝ ያድርጉት። ማየት እፈልጋለሁ።» ኧረ ጀግንነት! ትንሿ መቆንጠጫ ስትገባ ግን ጀግንነቷ በጆሮዋ ወጣ። የእናቷን ቦርሳ ማሰሪያ ይዛ ስትጎትት ማሰሪያው ተበጠሰ። የሆነ ነገር ቀጭ አለ፣ ሞቅ ያለ ነገር ከንፈሯ ላይ ወረደ፣ ከዚያ … አቤት! ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ያ የሚጨምቃት ነገር ለቀቃት። በጨው ውሃ ሲያጥቡላት ዓይኗን ጨፍና እንባዋን ለቀቀችው፣ ከደስታ ይሁን ከሕመም እሷም አላወቀችም።

«ጎበዝ፣ አለቀ፣» አሉ አቶ ቦልቴ። «ኪኒን አለሽ፣ ለሰባት ቀን። የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ በጨው፣ በቀን ሁለቴ። ማዞር የለም። ሌላ ምንም መቀባት የለም። ማስኩንም ተይው፣ አየር ያግኘው።»

«አሁን ይውጣላት፣ ዶክተር፣» አለች እናቷ። ክፍሉ ውስጥ ከገባች የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። «ዋናው ነገር እሱ ነው። ካወጡላት ይድናል።»

«አይድንም። አሁን ከወጣ ቀዳዳው ከላይ ቶሎ ይዘጋል፣ መግሉ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያ በቢላ ነው የምከፍተው። ጌጡ አሁን የመግሉ መውጫ በር ነው።» «ግን ይዘጋል አይደል?» «ይዘጋማ! ክፉኛ ይዘጋል እንጂ።» እናቷ እጇ ወደ ጆሮዋ ሄደ፤ ስርጉዷን ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ማንም እንዳላያት ሻሿን አስተካከለች። «ለስንት ጊዜ ነው የማይወጣው?» «ቢያንስ ሦስት ሳምንት። ከዚያ በኋላ የራሷ ጉዳይ ነው።»

ትሕትና እናቷ ልታለቅስ ነው ብላ ጠበቀች፣ ወይም ልትጮህ። ወይዘሮ ፈጠነች ግን ፊቷ ላይ የሆነ የሥራ ቀን መልክ መጣ። «ይጻፍልን፣» አለች። «ምኑ?» «አሁን ያሉት። እንዳይወጣ ማዘዝዎ። ለሚመለከተው ሁሉ ተብሎ፣ ቁጥርና ቀን ተደርጎበት። ስምዎ ያለበት ቲተርም ይኑረው። ክብ ማህተሙም ፊርማዎ ላይ ትንሽ ይረፍ፤ ከፊርማው ከራቀ ሰው አያምነውም።» አቶ ቦልቴ ለአፍንጫ ጌጥ እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፈው አያውቁም። ቢሆንም ጻፉ። «ጉዳዩ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመና ሴትዮዋን አዩዋት። «ስለ አፍንጫ ይበሉት፣» አለች እናቷ። ትሕትና ከአልጋው ጫፍ ላይ ሆና ሳቋን ዋጠችው፤ ማህተሙ ድም! ብሎ አረፈ። በአገሩ ላይ ማህተም ያለው አፍንጫ ያላት ልጅ ሌላ ማን አለ?

ሲመለሱ፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ እናቷ ወረቀቱን እንዳይታጠፍ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስገብታ ጭኗ ላይ ይዛዋለች፣ ማሰሪያው የተበጠሰውን ቦርሳ ደግሞ በብብቷ። ሶዶ ሲገቡ የሙዝ ሻጯ ጋ ቆማ ግማሽ ኪሎ ገዛች፣ ለትሕትና አንድ ላጠችላት። «ሳታኝኪ ዋጪው፣» አለቻት።

አሥር ሰዓት ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ወንድም ኤልሳዕ ከነካፖርቱ መጣ፣ ከኋላው እህት አገርነሽ። እሱ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ በወፍራሙ የባስ ድምፅ ይዘምራል፣ ስብሰባ ሳይሆን እንኳ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ዓይነት። ጌታ ይባርካችሁ ተባባሉ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ሚሪንዳ ተከፈተ። ማንም ወደ ትሕትና ፊት አያይም፤ ሁለቱም ሚሪንዳውን ነው የሚያዩት። ትሕትና ያለ ማስክ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣለች። ጌጧ የመስኮቱን ብርሃን ተቀብላ ግድግዳው ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ነጥብ ታበራለች፤ ራሷን ስታንቀሳቅስ ነጥቧም ትሄዳለች። አገርነሽ ነጥቧን በዓይኗ ስትከተል ትሕትና አወቀችባትና ሆን ብላ አንገቷን ወዲያና ወዲህ አደረገች።

«እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ …» ብሎ ወንድም ኤልሳዕ ሲጀምር እናቷ ወረቀቱን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አደረገችው፣ በጣቷም ወደ እሱ ገፋችው። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ጀርባውን ገልብጦ አየ። «ቁጥር አለው፣» አለ ለአገርነሽ። «ማህተሙስ?» «ክብ ነው።» ሁለቱም ወደ ኋላ ተደገፉ። ፊታቸው ላይ እንዴት ያለ እፎይታ ነበር! ሰዎቹ እኮ መጣላት ፈልገው አልመጡም፤ ሶሎውን በአንድ ሌሊት የሚያጠና ሌላ ልጅ የለም። «ሕክምና ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣» አለ ወንድም ኤልሳዕ ፈገግ እያለ። «ነገ ከመዝሙሩ በፊት እህታችን ታማ ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው ብለን ለጉባኤው እናስታውቃለን። ይጸለይላታል። አንድ ነገር ብቻ፣ ለፋይላችን።» ወረቀት አውጥቶ በእጁ ጻፈ፦ እኔ ትሕትና ኤርሳዶ ቁስሌ ሲድን የአፍንጫ ጌጤን ላወጣና ሁለተኛ ላላደርግ ግዴታ ገብቻለሁ። ከታች ፊርማ፣ ከዚያ በታች ምስክር።

ብዕሩን ሰጣት። እናቷ በዓይኗ «ፈርሚ» አለቻት፤ ዓይኗ በሙሉ ልመና ነበር። በጣም ቀላል ነው እኮ! ሦስት ሳምንት ማለት ሩቅ ነው፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስንት ነገር ይረሳል። ነገ ሦስተኛው ስንኝ አለ፣ ኳየሩ ዝም የሚልበት፣ ድምጿ ብቻውን የሚወጣበት፣ አባቷም ቦምቤ ሆኖ በስልኩ የሚያየው። ፈርሚ፣ ትሕትና! ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች። ግን ልክ «ታማ ነው» ተብሎ ሲነገር፣ ጉባኤው ሲያዝንላት፣ እሷ መድረኩ ላይ አንገቷን ደፍታ ስትቆም ታያት። ታማ ነው! አሥር ደቂቃ የፈጀባት፣ ደስ እያላት ያደረገችው፣ ነቅታ በመቆንጠጫ የተሰቃየችለት ነገር፣ በሽታ ሊባል!

«አልታመምኩም፣» አለች። «ማለት ቁስሉ ታሟል። እኔ አልታመምኩም።» ጎንበስ ብላ ከእሱ ጽሑፍ በታች፣ በራሷ ክብ ክብ በሚል ፊደሏ ጻፈች። ቸኩላ ስለነበር መስመሩ ወደ ላይ ወጣ። ፈረመችበትና መለሰችለት።

ወንድም ኤልሳዕ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሲድንም አላወጣውም። ስላማረኝ ነው ያደረግኩት። ነገ ብዘምር ግን በጣም ደስ ይለኛል።» ወረቀቱን አስቀመጠ። «ይሄ ግዴታ አይደለም።» «አይደለም፣» አለች ትሕትና። «እንዲህ ከሆነ ነገ ሶሎ የለሽም፣ እህቴ። እኔ ብቻዬን አይደለሁም፣ ኮሚቴ ነው። ገባሽ?» «ገባኝ።» ገብቷታል፣ በደንብ ገብቷታል፣ ግን ብዕሩን መልሳ አላነሳችም። እህት አገርነሽ «ወይ የዛሬ ልጆች!» ብላ ሚሪንዳዋን ጨለጠችው። «እህት ፈጠነች፣» አለ ሰብሳቢው፣ «እስቲ እርስዎ ይዩትና ይምከሯት።»

ወይዘሮ ፈጠነች መነጽሯን አደረገች። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዙራ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዳነበበችው ሁሉ ከላይ እስከ ታች በጣቷ እየተከተለች አነበበች። የልጇ ጽሑፍ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ጎረቤት እትዬ ሽታዬ ሬዲዮ ከፈተች፣ ዘጋችም። ትሕትና አሁን ነው የምትቀደው ብላ ጠበቀች።

«ቀን አልጻፍሽበትም፣» አለች እናቷ።

ትሕትና ብዕሩን አንስታ ቀኑን ጻፈች። እናቷ ብዕሩን ከእጇ ተቀበለችና፣ ምስክር ከሚለው ቃል ፊት፣ በመሥሪያ ቤት ፊርማዋ፣ ያ ረጅም ጭራ ባለው፣ ፈረመች።

«እህት ፈጠነች!» አለ ወንድም ኤልሳዕ ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ምን ማለት ነው ይሄ? ይስማማሉ ማለት ነው?»

«መስማማት አልልም፣» አለች እናቷ፣ ብዕሩን ክዳኑን ገጥማ እየመለሰችለት። «ልጄ ይህን ብላለች። ስትል ሰምቻለሁ። አንድ ኮፒ ለእኛ ይቀመጥ።»

አገርነሽ አፏን ከፍታ ቀረች፣ ሰብሳቢው ወረቀቱን ማጠፍ ይሁን መተው ጨንቆት በእጁ ይዞ ቆመ። ትሕትና ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፣ አልቻለችም፤ ሳቁ ከሆዷ ተነስቶ አፍንጫዋ ድረስ ወጣና ቦግ አድርጎ አቃጠላት፣ እንባዋም ወረደ። ቢያቃጥላትም ሳቀች።